ኔት አልነበራቸውም

ጡረታ የወጣሁ ቀን የመሥሪያ ቤቴ ልጆች ኬክ ቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው፣ «በይ ንግግር አድርጊ» ብለው ማይክ አስጨበጡኝ። ማይኩ አልሠራ አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዕድሜዋን ሙሉ ኮምፒውተርና መስመር ስትጠግን የኖረች ሴት በስንብቷ ቀን ማይክ ዲዳ ሲሆንባት ከዚህ በላይ ምን ቀልድ አለ? ልጆቹ እንኳን ሳቁ።

ፊት ወንበር ላይ የጋበዝኳቸው ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ መርሻ ናቸው። ሁለተኛው የእሳቸው የልብ ወዳጅ፣ ሰዓት ሠሪው ጋሽ ሰይድ። ጋሽ ሰይድ ከመቀመጫቸው ሆነው፣ «አስቱ፣ ስሙን ጠይቂው!» ብለው ጮኹ። ጋሽ መርሻ ድምፅ ስለሌላቸው ትከሻቸው ብቻ በሳቅ ተርገፈገፈ። ቀልዱ የሦስታችን ነበርና ሌላው ሰው ምን እንደተባለ አልገባውም። ሦስታችን አንድ ጣሪያ ሥር የሳቅነው የመጨረሻው ሳቅ ያ ነበር። እሱን ለማውራት ግን ከፒያሳ መጀመር አለብኝ።

የጋሽ መርሻ ሱቅ ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወርደው መንገድ ላይ፣ የአንድ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው የእንጨት ነው። ሰው ሲወጣ ገና ፊቱን ሳናየው በእግሩ ድምፅ ማን እንደሆነ እናውቃለን። ምድር ቤቱ ወርቅ ቤት፣ ጎኑ ኬክ ቤት ነው። ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ቦታ ደግሞ ጋሽ ሰይድ አንዲት የመስታወት ሣጥን፣ አንድ አምፖልና ዓይናቸው ላይ የሚሰኳትን አጉሊ መነጽር ይዘው ይቀመጣሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ተረባቸው ግን የአራዳ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት ሳይሰዳደቡ ሥራ አይጀምሩም። «አንተ ብረት ቀጥቃጭ፣ ዛሬም በሕይወት አለህ?» ሲሉ፣ ከላይ «ያንተን ቀብር ሳላይ የት እሄዳለሁ!» የሚል መልስ ይወርዳል።

እኔ የገባሁት ታይፕ ልማር ነበር። ጋሽ መርሻ ያኔ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ናቸው። አንድ ቀን የተጣበቀ ፊደል በመርፌ ሳላቅቅ አይተውኝ፣ ካቻቢቴ እጄ ላይ አስቀመጡና «አንቺ መጻፉን ተይው» አሉኝ። በዚያው ቀረሁ። እናቴ «ሴት ልጅ ብረት ስትፈታ ማን ያገባታል» ብላ ነበር። ያገባኝም ተገኘ፣ ብረቱም አልተተወም።

ኮምፒውተር ሲመጣ የጽሕፈት መኪናው ገበያ ባንድ ጊዜ ሞተ። ብዙ ጠጋኞች ሱቃቸውን ዘጉ። ጋሽ መርሻ ግን መጽሐፍ እየተዋሱ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ መዝገበ ቃላት ጎናቸው አድርገው ተማሩት። ከሲስተሞች ሁሉ የወደዱት ሊኑክስ የሚባለውን ነው፤ በነፃ የሚገኝ፣ ሰው የሚፈራው። ለምን እንደወደዱት ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ሌላው ሲታመም ‹ችግር አጋጥሞኛል› ብሎ ይዘጋሻል። ይሄ ግን የት ላይ እንዳመመው ይናገራል። ሰሚ ይፈልጋል እንጂ።»

የሚናገረው በሎግ ነው። ማሽኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሁሉ፣ ምን ተሰካ፣ ምን ተነሳ፣ ምን ወደቀ፣ እየተከታተለ በጥቁር መስኮት ላይ መስመር በመስመር ይጻፋል። ሌላው ጠጋኝ ገና ሲያየው ዓይኑን የሚያዞርበትን ያንን ጽሑፍ ጋሽ መርሻ ከላይ እስከ ታች ያነቡታል። ሳያነቡ ማሽን አይነኩም። «ማሽን አይዋሽም፤ የሚዋሸው ካርቶኑ ነው» ይሉ ነበር።

ካርቶኑ እንደሚዋሽ የተማርኩት በለቅሶ ነው።

ዋይፋይ መጥቶ ሰው ሁሉ ኬብል በሚነቅልበት ሰሞን አንድ የግል ኮሌጅ ሥራ ሰጠን። የድሮ ኮምፒውተር ዋይፋይ ስለሌለው አውራ ጣት የምታህል አዳፕተር ይሰካበታል። አዳፕተሯ ግን ብቻዋን ምንም ናት። ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባት ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ ያስፈልጋታል። ሊኑክስ ላይ አስተርጓሚው አንዳንዴ አብሮ ተጭኖ ይመጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጥሬ ኮዱን አምጥተሽ፣ እዚያው ማሽኑ ላይ፣ ለዚያ ማሽን ልክ አድርገሽ ራስሽ ትሠሪዋለሽ። ልብስ ሰፊ እንደሚለካው ነው። ለአንዱ የተሰፋ ለሌላው አይሆንም።

ኮሌጁ የገዛቸው አዳፕተሮች ካርቶናቸው አንድ፣ ሥዕላቸው አንድ፣ ሞዴላቸው አንድ ነው። ለመጀመሪያዋ ድራይቨር ሠራሁላት፣ ሰማያዊ መብራቷ ብልጭ አለ። ደስ ብሎኝ ለሁሉም ያንኑ ጫንኩ። ግማሾቹ ተነሡ፣ ግማሾቹ አልተነሡም። አፍርሼ ሠራሁ፣ ደግሜ ጫንኩ፣ የሚሰካበትን ቀዳዳ ቀየርኩ። የኮሌጁ ኃላፊ በተማሪዎቹ ፊት «ባለሙያ አምጡ ስንል ሴት ላኩብን» አለ። እንባዬን ውጬ ሱቅ ስደርስ እዚያው ፈነዳሁ።

ጋሽ መርሻ አላባበሉኝም። አንድ የምትሠራ፣ አንድ የማትሠራ አዳፕተር ተቀበሉኝ፣ ፕላስቲካቸውን በምላጭ ሰንጥቀው ደረጃውን ወረዱ። ጋሽ ሰይድ አጉሊ መነጽሯን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ተራ በተራ አዩዋቸው።

«እነዚህ እህትማማች ነን ብለው ነው የመጡት?» አሉ። «አባታቸው ለየቅል ነው።»

ውስጣቸው ያለችው ቺፕ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ የተለያየ ስም ተጽፎባታል። ፋብሪካው መሀል ላይ ቺፑን ቀይሮ ካርቶኑን እንዳለ ትቶታል። ለሁለተኛዋ ስም የሚሆነውን ድራይቨር ስሠራ ሁሉም ተነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዳፕተር እጄ ላይ በገባ ቁጥር ሁለቱ ሽማግሌዎች ባንድ አፍ «ስሙን ጠይቂው!» ይሉኛል። ቀልዱ ይሄ ነው።

በኋላ ፕላስቲክ ሳይሰነጠቅ፣ በአንድ ትእዛዝ ብቻ ቺፑን ስሙን መጠየቅ እንደሚቻል አነበብኩ። እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳቸው። ጋሽ መርሻ ወደ ደረጃው ጎንበስ ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ሰይድ ታዲያ ምን ይሥራ?»

ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ሰዓት ማየት ከጀመረ ወዲህ የጋሽ ሰይድ ሣጥን ፊት የሚቆም ደንበኛ አልነበረም። ጋሽ መርሻ ግን ሱቁ እስኪፈርስ ድረስ አዳፕተር በመጣ ቁጥር ደረጃውን ይወርዳሉ፣ ጋሽ ሰይድ ያነቡላቸዋል፣ ከዚያ ሁለቱም ሲሰዳደቡ ይቆያሉ። ከሙያው ሁሉ የበለጠ ይሄ ልቤ ውስጥ ቀርቷል።

ሌላ ልማድም ነበራቸው። የተጠገነ ማሽን ወዲያው አያስረክቡም። ያጠፉታል፣ ከዚያ «ኑ» ብለው ባለቤቱን ጎረቤት ኬክ ቤት ይወስዱታል። ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ማኪያቶ ይጠጣሉ። ሲመለሱ ማሽኑን ያበሩና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። «ብቻዋን ትነሳ» ይላሉ። አጠገቡ ቆመሽ ስትነካኪው የሚሠራ ማሽን አልተጠገነም፤ አንቺ በሌለሽበት፣ ከእንቅልፉ ራሱ ተነስቶ፣ ድራይቨሩን ራሱ ጠርቶ፣ መብራቱን ራሱ ሲያበራ ነው ተጠገነ የሚባለው። ካልተነሣች ሌላ ማኪያቶ የለም፣ እንደገና ይፈታል።

ቤተሰብ ሲመጣ የሱቅ ገቢ አልበቃ አለኝና መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ደመወዙም ቢሆን ከወር ወር አያደርስም ነበር። ግን ቋሚ ነው። ደሴ ቅርንጫፍም ሠራሁ፤ ጋሽ ሰይድ ለእህታቸው የሰጡኝን ጥቅል ይዤ ነበር የሄድኩት። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። ደግም ነበረባቸው፣ ፊርማውን ብቻ የሚያውቅም ነበረባቸው። እኔን ዕድሜ ልኬን ያቃጠለችኝ ግን አንዲት ቃል ናት፦ «ኔት የለም»።

ባለጉዳይ ከጠዋት ተሰልፎ ይቆማል። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ልጅ ቀና ሳይል «ኔት የለም» ይላል። እኔ ሮጬ መስመሩን ስፈትሽ ኔቱ እንደ ወንዝ ይፈሳል። ልጁ ምሳ መውጣት ፈልጎ ነው። አለቃው ያልጨረሰውን ሪፖርት ሲጠየቅ «ኔት አልነበረም»። ሰርግ የቀረ፣ ብድር ያልመለሰ፣ ስልክ ያላነሳ፣ ሁሉም «ኔት አልነበረኝም»። አንዴ ተናድጄ አለቃዬን «ኔቱ ምላስ ቢኖረው በስም ማጥፋት ይከሳችሁ ነበር» ብዬው ማስጠንቀቂያ ተጽፎልኛል። አልቆጨኝም። በሙያዬ ላይ ሰው ሲዋሽ አልወድም። ጋሽ መርሻ ያሳደጉኝ ልጅ ነኝ።

እነሆ ጋሽ መርሻ ጉሮሯቸው ታመመ። ሐኪም ቤት ገብተው ሕይወታቸውን ይዘው፣ ድምፃቸውን ትተው ወጡ። ያ ሁሉ ተረብ፣ ያ ሁሉ «ያንተን ቀብር ሳላይ» ዝም አለ። ዓይናቸውም እየደከመ ስለነበር የስልክ ፊደል አይታያቸውም። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ፊደሉን የጣት ቁመት አሳክዬ አዘጋጀሁላቸው። በእሱ እየጻፉ ያወሩናል። ስልክ ሲደወልላቸው ደግሞ ያነሡና በጣታቸው ያንኳኳሉ፤ አንዴ «አዎ»፣ ሁለቴ «አይደለም»። ይህችን ምልክት ያወጧት ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ከሦስታችን በቀር የሚያውቃት አልነበረም።

ከዚያ ደግሞ የሠፈራችን ቤቶች ለልማት ይነሡ ተባለ። ሕንፃው ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ። የእንጨቱ ደረጃ ከግድግዳው ተላቆ ብቻውን ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ወደቀ። አልቅሻለሁ፤ በአደባባይ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ። ጋሽ መርሻ ከቱሉ ዲምቱ ባሻገር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ጋሽ ሰይድ በከተማው ሌላ ጫፍ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ደረጃ ወርደው ይገናኙ የነበሩ ሰዎች ለመገናኘት ከተማውን ማቋረጥ ግድ ሆነባቸው። ሲለያዩ ጋሽ ሰይድ አጉሊ መነጽሯን ከዓይናቸው ነቅለው ለወዳጃቸው ሰጧቸው። «አንተ ነህ ዕውሩ፣ እኔ የማየው ጨርሻለሁ» አሏቸው።

እድሩ ግን አልፈረሰም። ጥሩምባ ነፊው ለተበተነ ሰው የት ይነፋል? ስለዚህ ሞት በስልክ ግሩፕ ላይ ይነገር ጀመር። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ጠዋት ጠዋት የሚሰዳደቡት በጽሑፍ ሆነ፤ ጋሽ መርሻ ሁሉንም የሚያነቡት በላፕቶፑ ነው።

አዲሱ ቤት የኬብል መስመር የለውም። ሐዋሳ የምትሠራው የጋሽ መርሻ ልጅ በሲም ካርድ የሚሠራ ትንሽ ራውተር ገዝታ አስቀመጠች። የላፕቶፑ የራሱ ዋይፋይ ድሮ ተቃጥሏል። ከሱቁ ዕቃ ውስጥ የተረፈች አንዲት አዳፕተር ነበረች፤ ስሟን ጠየቅኩ፣ ድራይቨሯን በእጄ ሠራሁላት። ጋሽ መርሻ ላፕቶፑን አጠፉና ወደ በሩ አመለከቱኝ። አካባቢው ማኪያቶ የለውም። ከኮንቴይነር ሱቅ ሻይ ጠጥተን ተመለስን። ሲያበሩት ሰማያዊዋ መብራት ብቻዋን ተነሣች። ወዲያው ከጋሽ ሰይድ መልእክት ገባ፦ «አንተ ዲዳ፣ የት ጠፋህ?»

ከስንብቴ በኋላ ወራት አለፉ። ጋሽ ሰይድ ስኳራቸው ጠንቶባቸው እንደነበር ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ይፈጥናል ብዬ ግን አላሰብኩም። አንድ ጠዋት የእድሩ ግሩፕ ላይ መልእክት ገባ። ጋሽ ሰይድ አርፈዋል፣ ቀብራቸው ዛሬ ከሰዓት ነው። በእስላም ደንብ ሬሳ አያድርም። እንደሆንኩ ሆኜ ሮጥኩ።

የቀብሩ ቦታ የድሮው ፒያሳ ነበር ማለት ይቻላል። ወርቅ ቤቱ አለ፣ ኬክ ቤቱ አለ፣ ከአትክልት ተራ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ መጥተዋል። ጋሽ መርሻ የሉም። ሁሉም ሰው ዓይኑ ይፈልጋቸዋል። ባይናገሩም ቀድመው የሚደርሱ፣ አፈር የሚያለብሱ እሳቸው ናቸው ብሎ ነው የመጣው።

«መርሻ እንዴት ይቀራል?» አሉ የእድራችን ዳኛ አቶ ተፈራ። «መልእክቱ ለሁሉም ነው የተላከው።»

«ዲዳ ቢሆን እግር የለውም?» አለ አንዱ ከኋላ። 

ዞር ብዬ ደወልኩላቸው። አነሡ። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አልኩ። አንዴ አንኳኩ። ሌላ ምን ልበል? «ሰምተዋል?» ብል ራሱ መርዶ ነው። ዘጋሁት። ለአቶ ተፈራ ነገርኳቸው።

«ምናልባት አልሰማም ይሆናል። ነገ ሂጂና እይው። ካልሰማ ግን አንቺ እንዳትነግሪው። ልቡን ያመዋል፣ ብቻውን ነው። በማግስቱ ማልደን መጥተን እኛ እናረዳዋለን።»

ልክ ናቸው። መርዶ በጠዋት፣ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው የሚነገረው። በቀን፣ ለብቻ፣ በልጅ አፍ አይነገርም።

በነጋታው ስደርስ ጋሽ መርሻ በሩን ከፍተው ገና ጫማዬን ሳልጠርግ እጄን ይዘው ወደ ላፕቶፑ ጎተቱኝ። የአዳፕተሯ መብራት ጠፍቷል። ማያው ላይ በእነዚያ ትልልቅ ፊደሎች ጽፈው ጠብቀውኛል፦

«ሲስተሙን አደስኩት። አዲስ ከርነል ገባና ዓይኗ ጠፋ። አሮጌውን ቦታ ይይዛል ብዬ ጠርጌዋለሁ። አትሳቂ።»

ከርነል የሚባለው የሲስተሙ እምብርት ነው። በእጅ የተሠራ ድራይቨር ለአንዱ እምብርት ተለክቶ የተሰፋ ነውና እምብርቱ ሲቀየር አይሆንም። አዲስ ለመስፋት ደግሞ ከኢንተርኔት የሚወርዱ ፋይሎች ያስፈልጋሉ። ኔት ለማምጣት ኔት ይጠይቃል። ምን እንደጎደላቸው አሳምረው እያወቁ፣ የሚያወርዱበትም፣ ደውለው የሚያስረዱበት ድምፅም አጥተው፣ ድፍን ሰሞን ተቀምጠዋል። ከሥሩ ሌላ መስመር ነበረ፦

«ቶሎ በይ። ሰይድ ይሰድበኛል። ዘግቶኛል ይላል።»

አልሰሙም። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

እጄ እንደ ልማዱ ስልኬን አወጣ፤ በኬብል ሰክቼ ለላፕቶፑ ኔት ልሰጠው። አጭሩ መንገድ እሱ ነው። ሶኬቱ ጋ ሲደርስ ግን እጄ ቆመ። ኔት በገባ ቅጽበት መልእክቱ ሁሉ ይገባል። መርዶውን ሽማግሌ ሳይሆን ይሄ ማያ፣ በጣት ቁመት ፊደል፣ ፊታቸው ላይ ሊያረዳቸው ነው። ኬብሉን መልሼ አስቀመጥኩና ፋይሎቹን በስልኬ አውርጄ በፍላሽ መገልበጥ ጀመርኩ። ጋሽ መርሻ ጎንበስ ብለው ጻፉ፦

«አጭሩ መንገድ እያለ ለምን ዞርሽ?»

«የስልኬ ፓኬጅ ሊያልቅ ነው ጋሼ።»

 ሻይ ሊያፈሉ ወደ ኩሽና ገቡ።

ድራይቨሩን ሠራሁት። ያለ አንድ ስሕተት ተሠራ። እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ፤ ግን ጨርሶ ሳያይ የሚተው እጅ አላሳደጉኝም። ትእዛዙን ሰጠሁ። ሰማያዊዋ መብራት ብልጭ አለች፣ ከራውተሩ ጋር ተያያዘች። ምንም መልእክት ሳይገባ ወዲያው ድራይቨሩን በትእዛዝ አወረድኩትና መብራቷ ጠፋች። ጋሽ መርሻ ሁለት ብርጭቆ ይዘው ተመለሱ።

«አልሆነም ጋሼ» አልኩ። «አዳፕተሯ ተቃጥላለች። ነገ ማልጄ ሌላ ይዤ እመጣለሁ።»

ብርጭቆዎቹን አስቀመጡ። አዩኝ። ከዚያ ከኪሳቸው የጋሽ ሰይድን አጉሊ መነጽር አወጡ፣ ዓይናቸው ላይ ሰኩ፣ ወደ ማያው ተጠግተው ሎጉን ከላይ ወደ ታች ያነቡ ጀመር። ላጠፋው እችል ነበር። ግን ሎግ ማጥፋት ማን አስተማረኝ? እዚያ ላይ መስመር በመስመር ተጽፏል፤ አዳፕተሯ ታወቀች፣ ድራይቨሩ ተነሣ፣ ከራውተሩ ጋር ተያያዘች። ቀጥሎ፣ በሰው እጅ ወረደ።

አንብበው ጨረሱ። ቀና አላሉም። እዚያው ጥቁር መስኮት ላይ፣ በላቲን ፊደል፣ «ማነው» ብለው ጻፉና ቁልፉን መቱ። ማሽኑ እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም ብሎ መለሰ።

ጋሽ መርሻ መነጽሯን ከዓይናቸው ነቅለው መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። ከዚያ በአንድ ጣት፣ ቀስ እያሉ፣ «ሰይድ» ብለው ጻፉ። ማሽኑ አሁንም አላውቅም አለ። እኔ ግን አለቀስኩ።

ሌላ መናገር አላስፈለገኝም። «መቼ» አሉ በትልቁ ፊደል። ትናንት አልኳቸው። «ተቀበረ?» አዎ አልኳቸው።  ከዚያ ድራይቨሩን የሚያስነሣውን ትእዛዝ ራሳቸው ጻፉ።

መልእክቶቹ እየተንጫጩ ገቡ። የእድሩ ነበረ። ከእሱ በላይ ግን ባለፉት ቀናት የተላኩ የጋሽ ሰይድ መልእክቶች ተደርድረዋል። ጋሽ መርሻ በጋሽ ሰይድ መነጽር አንድ በአንድ አነበቧቸው፤ እኔም ከጎናቸው ሆኜ አነበብኩ።

«አንተ ዲዳ፣ ዛሬ ምነው አረፈድክ?»

«ሐኪም ቤት አስተኝተውኛል። ሩቅ ነው አትምጣ። ማውራት አቅቶኛል፣ ጻፍልኝ ብቻ።»

«መርሻ?»

«ምነው ዘጋኸኝ?»

ከዚህ በታች ሌላ አልነበረም። ጋሽ መርሻ ከሥሩ መልስ ጻፉ፣ አጠፉ፣ ጻፉ፣ አጠፉ። በመጨረሻ ባዶውን ተዉት። እኔ በሙያ ዘመኔ ብዙ የወደቀ መስመር አይቻለሁ። ወድቆ የሰውን ልብ እንዲህ የሰበረ አላየሁም።

ከዚያ የሆነውን ሰው ያምነኛል ብዬ አይደለም የምጽፈው። ላፕቶፑን አጠፉት። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንድ ማኪያቶ በሚጠጣበት ልክ፣ ዝም ብለው ተቀመጡ። ሻዩን አልነኩትም። ሲነሡ አበሩትና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ሰማያዊዋ መብራት ብቻዋን ተነሣች። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ሥራዬን ተቀበሉኝ ማለት ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጻፉ፦

«ለተፈራ አልሰማም በይው። ይምጡና ይንገሩኝ። ደንቡ ነው።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አቶ ተፈራና የሠፈሩ ሰዎች መጡ። በሩ ላይ ሲሰበሰቡ ጋሽ መርሻ ለብሰው ተቀምጠዋል። አቶ ተፈራ ጎናቸው ተቀምጠው፣ እጃቸውን ይዘው፣ «እንግዲህ የማይቀር ነው» ብለው ጀመሩና አረዷቸው። ጋሽ መርሻ እንደ አዲስ ሰሙ። ከዚያ አለቀሱ፤ ትከሻቸው ብቻ ተርገፈገፈ፣ ልክ በስንብቴ ቀን እንደሳቁት፣ አንድም ድምፅ ሳይወጣ። ሰው ሁሉ አብሮ አለቀሰ።

ለቅሶው ሲበርድ አቶ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሊጠይቁት ነውር የሆነባቸውን ነገር ለመጠየቅ።

«መቼም አይቀየሙኝ፤ ሰዉ ሁሉ ስለጠየቀ ነው። መልእክቱ ተልኮልዎ ነበር። ምነው ቀሩ?»

 ጋሽ መርሻ ወደ እኔ ዞሩ። ላፕቶፑ ተዘግቷል፤ የሚናገርላቸው ሰው እኔ ነኝ። ስለ ከርነል ልንገራቸው? በልክ ስለተሰፋ ድራይቨር? አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ያላመንኩት ቃል ነበር።

«ኔት አልነበራቸውም» አልኩ።

«እሱስ አስቸጋሪ ነው» አሉ አቶ ተፈራ፣ ወደ ጫማቸው እያዩ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ሴት ሌላዋን በክርኗ ነካ ስታደርግ አይቻለሁ።

ጋሽ መርሻ ጣታቸውን አነሡና ጠረጴዛውን አንዴ አንኳኩ። ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ ሌላ አልነበረም።